የኔአለም የመረጠችው ቦታ

በደምበጫ ዙሪያ ሁለት ቤተሰብ ደም ሲቃባ፣ «ሽማግሌ ይጠራ» ከተባለ መጀመሪያ የሚነሳው ስም የአበረ ነበር። ቁመተ ዘንካታ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሲቆጣ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ገበሬ ነው። በሃያ ዓመት ሽምግልናው አሥራ አንድ የደም ዕርቅ ጨርሷል፤ ከአሥራ አንዱ የፈረሰ የለም። ይህን ራሱ አይናገርም። ሰው ሲያነሳለት ግን ጋቢውን ትከሻው ላይ ሰብሰብ ያደርጋል እንጂ «ተዉ» ሲል ተሰምቶ አያውቅም።

ወገቡን የተጎዳውም ከዕርቅ ሲመለስ ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ፈረሱን ቁልቁለት ላይ አዳለጠውና አበረን ከቋጥኝ ጋር አላተመው። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ሕመሙ ግን አልለቅህ አለው። ማረስ ቀርቶ ተቀምጦ ነገር መስማት ሲያቅተው፣ ገበያ ዳር ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ትራማዶል የሚባል የሕመም ማስታገሻ ሰጡት። አንዱን ሲውጥ ወገቡም ዐረፈ፣ ሐሳቡም ዐረፈ። እንቅልፍ እምቢ ሲለው ደግሞ የእንቅልፍ ክኒን ተጨመረለት። የሐኪም ወረቀት አምጣ ያለው አልነበረም። በዓመቱ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ሳይውጥ ከዋለ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አጥንቱን ይበርደዋል፣ ሰው የሚያወራው ሁሉ ጩኸት ይሆንበታል።

ሚስቱ ሽታዬ ታውቅ ነበር። ካፖርቱን ስታጥብ ከኪሱ የምታገኘውን ባዶ የክኒን ልጣጭ ምድጃ ውስጥ ትጥልና ዝም ትላለች።

አንድ ቀን በሽምግልና መካከል፣ የሟች ወንድም እንባውን እየዋጠ ሲናገር፣ አበረን እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ሰው ሁሉ ያየዋል። የሟች ወንድም ራሱ፣ «አያ አበረ ደክሟቸዋል፣ ነገ እንቀጥል» አለ። ከስድብ ይልቅ ያች ትሕትና አቆሰለችው።

በሳምንቱ ክኒኖቹን ሁሉ ጥሎ ጠበል ገባ። ሁለት ቀን እንደ ወንድ ቻለው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሰው በተሰለፈበት፣ መሬት ላይ ወድቆ ተንፈራገጠ፤ ምላሱን ነከሰ። «ያዘው! መንፈስ ነው!» ሲሉ አልሰማቸውም፤ ኋላ ነው የነገሩት። ቤቱ ሲመለስ ለማንም ምንም ሳይናገር ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ።

ትልቋ ልጁ የኔአለም ይጁቤ ላይ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ስትመጣ እናቷ ጓሮ ይዛት ገባችና ሁሉንም ዘረገፈችላት። የኔአለም አላለቀሰችም። ከምድጃው ዳር ያልነደደ ልጣጭ ፈልጋ አነሳች፣ የተጻፈበትን አነበበች፤ ከዚያም አባቷ በረት ዳር ወደ ተቀመጠበት ሄዳ ከአጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጠበል ላይ የጣለዎት መንፈስ አይደለም።»

አበረ ዞር ብሎም አላያትም።

«የእንቅልፉ ክኒን ነው። ብዙ ጊዜ ከወሰዱት በኋላ በአንድ ቀን ሲያቆሙት ሰውነት እንደዚያ ይጥላል። ሊሞቱ ይችሉ ነበር።»

«ማን ነገረሽ?»

«እማዬ።»

አበረ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እና ምን ልታደርጊ ነው? የአበረ ልጅ አባቷን እብድ ቤት አስገባች እንዲባል ነው?» አላት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደም የተቃቡ ሰዎችን በአንድ ቀን ታረቁ ብለው ያውቃሉ?»

«እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካለ ቂል ነው።»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«መጀመሪያ መሣሪያውን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ቀን እቆርጣለሁ። ብቻቸውን እንዳይውሉ ዘመድ አስጠጋለሁ። የቸኮለውን እይዛለሁ…» አለና ወዴት እንደወሰደችው ሲገባው ቆም አለ።

«እኔም የምፈልግልዎ እንደዚያ ያለ ቦታ ነው» አለች የኔአለም። «የሚያዋርድዎት ቦታ ከሆነ እኔ ራሴ ይዤዎት እመለሳለሁ። ይህን ቃል እሰጥዎታለሁ።»

አበረ ቃል ሰጥተውት የማያውቁትን ሰዎችና ቃል ሰጥተውት ያጠፉትን ሰዎች አሰበ። ልጁ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። ቢሆንም አንድ ማምለጫ ቀርቶት ነበር፤ «የንስሐ አባቴ ካልፈቀዱ የትም አልሄድም» አለ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ የክኒን ጠርሙስ አወጡ። «ይህ የደም ግፊቴ ነው። ጠዋት ጠዋት አማትቤ እውጠዋለሁ። መድኃኒትን የሰጠ መድኃኔ ዓለም ነው፤ የሐኪሙ ከጠበሉ ጋር ተጣልቶ አያውቅም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው። ጠበሉ የትም አይሄድብህም፣ ስትመለስ ታገኘዋለህ። ሂድ። ልጅህንም ስማት» አሉት። ማምለጫው እዚያው ተዘጋ።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። የኔአለም የሐኪም ጓደኞቿን ጠየቀች፣ ስልክ ደወለች፣ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጻፈች። አበረን ከሁሉም በላይ ያስገረመው ጥያቄዎቹን ለእሱ አስቀድማ ማንበቧ ነው። «የጎደለ ካለ ይጨምሩ» አለችው። እሱም አንድ ጨመረ፤ «በሩ ይቆለፋል ወይ በይ።»

መጀመሪያ የደወለችው አዲስ አበባ ላለ አንድ የግል ማዕከል ነበር። ፎቶው ያምራል፤ አልጋው ነጭ፣ ግቢው አበባ። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ አስቀመጠችው።

«በሰባት ቀን ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናሉ እህቴ» አለ ሰውዬው። «ምንም ሳይሰማቸው! ዋስትና እንሰጣለን።»

«የእንቅልፍ ክኒኑንም በሰባት ቀን ነው የምታስቆሙት?»

«ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ነው እንጂ የምናስቆመው።»

«አባቴ አንድ ጊዜ አቁመው ጥሏቸው ያውቃል። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ በዚያ ሰዓት ሐኪም አለ?»

«እሱ እዚህ ሲመጡ ይታያል።»

የኔአለም አመስግና ዘጋች። ሽታዬ «ምነው ዘጋሽው፣ ጥሩ ሰው ይመስላል» ብትላት፣ አበረ ራሱ ነው የመለሰው፤ «ያልጠየቁትን የሚያረጋግጥ፣ የጠየቁትን የማይመልስ ምስክር አይታመንም» አለ። ልጁ ቀና ብላ አየችው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፍለጋው የሁለቱም ሆነ።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ሳምንት ሁለተኛውን ማዕከል ሊያዩ ሄዱ። ከከተማ ወጣ ያለ፣ አጥሩ ረጅም ግቢ ነው። ባለቤቱ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው ነበር፤ ወንበር ሰጣቸው፣ ለስላሳ አስመጣላቸው፣ ስንት ወጣት እንዳዳነ ነገራቸው። አበረ መጠጡን አልነካም። የሚውጥበት ሰዓት አልፏል፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጋቢው ሥር ደብቆታል።

«የሚተኙበትን ክፍል እንይ» አለች የኔአለም።

«ሌላ ቀን ይሻላል፤ ታማሚዎቹ ዐርፈዋል።»

«እኔም የማርፍበትን ላየው ነው» ብሎ አበረ ተነሳ።

ሁለተኛው በር ከፈት ብሎ ነበር። ውስጥ አንድ የሠላሳ አምስት ዓመት ያህል ሰው የቀኝ እግሩ ከአልጋው ብረት ጋር በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። አበረን ሲያይ የመጀመሪያ ቃሉ «ውሃ» ነበር።

«ለራሱ ጥቅም ነው» አለ ባለቤቱ ፈጠን ብሎ። «ቤተሰቡ ፈርሟል። አምስት ቀን ከቻለ ያልፍለታል።»

አበረ ውሃ አስመጣና ራሱ አጠጣው። ሰውዬው አበባው እንደሚባል፣ የጉንደ ወይን ሰው እንደሆነ፣ መኪና ሲነዳ እንቅልፍ እንዳይወስደው፣ ከዚያም እንቅልፍ እንዲወስደው ብሎ ክኒን ሲውጥ እንደኖረ በተቆራረጠ ቃል ተናገረ። አበረ ካዳመጠው በኋላ ከአልጋው ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ።

«ይህ ሰው ሳይፈታ ከዚህ አልነሳም» አለ።

«አባቴ፣ እርስዎም ለዚሁ ጉዳይ አይደል እንዴ የመጡት?» አለ ባለቤቱ፤ አሁን ልስላሴው ቀንሷል።

«ለዚሁ ነው። ስለዚህ ነው የማውቀው።»

ድምፁን አላነሳም። ግን ለሃያ ዓመት ጠመንጃ የያዙ ሰዎችን ያስቀመጠው ድምፅ ያ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ የት እንደጠፋበት ያላወቀው ድምፅ። ላብ ከግንባሩ እየወረደ፣ ወገቡ እየተቆረጠ ተቀመጠ። የኔአለም ደግሞ ሳትጠየቅ የአበባውን የወንድም ስልክ ተቀብላ ደጅ ወጣች። ምን እንዳለችው አበረ አልሰማም፤ ገመዱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተፈታ፣ ወንድምዬው ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ደረሰ። ወንድሙን በዚያ አኳኋን ሲያይ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። «ብቻ አድኑልኝ ነው ያልኩት፤ እሰሩልኝ አላልኩም» ይላል።

ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ አበረ በመስኮቱ በኩል እያየ፣ «ይህን ሁሉ ሰው ጠይቀሽ እንዴት አልፈራሽም?» አላት።

«ፈርቻለሁ» አለች። «እርስዎ ሲቀመጡ ተወኝ።»

ሦስተኛው ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ውስጥ ያለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነበር። አበባ የለውም። ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል፤ አግዳሚ ወንበሩ ያነክሳል። ነርሱ ሙላት ይባላል፤ ገና ሲገቡ ተነሥቶ «ኖር» ብሎ ለአበረ ወንበር ሳበ። የኔአለም ደብተሯን ስትከፍት በእጁ ጠብቂ አላትና ወደ አባቷ ዞረ።

«አያ አበረ፣ እርስዎ ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ምንድን ነው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። «መውደቅ» አለ አበረ። «ሰው ፊት መውደቅ።»

«እንዳይወድቁ የምናደርገውን ልንገርዎ። የእንቅልፉን ክኒን አንነጥቅዎትም፤ በእኛ እጅ፣ በልክ፣ ቀስ እያልን እንቀንሳለን። ወር ሁለት ወር ይፈጃል፤ የመጀመሪያውን ሦስት ሳምንት ያህል እዚህ ይተኛሉ፣ ቀሪውን ከቤትዎ እየተመላለሱ። የሕመም ማስታገሻውንም እንደዚሁ፤ የሚያስቃትተውን የሚያቀል ሌላ መድኃኒት አለ። ወገብዎንም እናያለን፤ እሱ ካልታከመ መልሶ ወደዚያው ይወስድዎታል። በየተወሰነ ሰዓት ግፊትዎን የሚለካ፣ ሌሊትም ቢሆን የሚነሳ ነርስ አለ። ባለቤትዎ አጠገብዎ ሊቀመጡ ይችላሉ፣ ምግብዎን ከቤት ሊያመጡ ይችላሉ፣ የራስዎን ጋቢ ይለብሳሉ።»

«በሩስ ይቆለፋል?»

«የእርስዎ አይቆለፍም። በፈቃድዎ ነው የሚገቡት፣ በፈቃድዎ ነው የሚቆዩት።»

«ምንም አይሰማቸውም ማለት ነው?» አለች የኔአለም።

«እሱን አልልም» አለ ሙላት። «ይበርዳቸዋል፣ አጥንታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ እንቅልፍ ያጣሉ፣ በእኔም ይቆጣሉ። በጣም እንዳይበዛባቸው ማድረግ እንችላለን። ጭራሽ አይሰማቸውም ካልኩሽ ግን ዋሽቻለሁ።»

«ታክመው ወጥተው መልሰው የጀመሩ አሉ?»

«አሉ። ተመልሰው ሲመጡ እንቀበላቸዋለን፤ ማን አባህ ጀምር አለህ አንላቸውም።»

የኔአለም ደብተሯን ዘጋችና አባቷን አየች። እሷ አልወሰነችለትም፤ ይህን አበረ አስተዋለ። ለእሱ ነው የተወችው።

«ጉድለቱን ራሱ የሚናገር ሰው ነው» አለ። «እዚህ እገባለሁ።»

ሰኞ ገባ። በአራተኛው ቀን ግን ሙላት ያለው ሁሉ መጣ። አጥንቱ ውስጥ ውርጭ የገባ መሰለው፤ አፍንጫው ይፈሳል፣ ሆዱ ይታወካል፣ እግሩ አልጋው ላይ ዕረፍት አጣ። ሽታዬን ተቆጣት፤ ያመጣችውን ሽሮ ገፋው። ከሰዓት በኋላ ጋቢውን ሰብስቦ ጫማውን አደረገና «በቃኝ፣ ቤቴ እሄዳለሁ» ብሎ እስከ ውጭው በር ሄደ። ዘበኛው ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈው።

ሙላት ከኋላው ደረሰ። አልያዘውም። «ከሄዱ ክኒኑን በየቀኑ እንዴት እንደሚወስዱ ጽፌ ልስጥዎት፤ በድንገት እንዳያቆሙት። አንድ አምስት ደቂቃ ይጠብቁኛል?» አለ።

አበረ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ባጃጅ መጣ፣ ሄደ። ሌላ መጣ። የሚይዘው ቢኖር ታግሎ ይሄድ ነበር፤ የሚይዘው ግን አልነበረም። በዚያው መሐል አንድ ሚኒባስ ቆመና የጉንደ ወይኑ አበባው በወንድሙ ትከሻ ተደግፎ ወረደ። የታሰረበት ቁርጭምጭሚት አሁንም በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አያ አበረ!» አለ አበባው። «ልጅዎ ለወንድሜ ደውላ እዚህ ይግባ አለችው። እርስዎ ካሉ እችላለሁ ብዬ ነው የመጣሁ።»

አበረ ጋቢውን አስተካከለ። «አለሁ» አለ። «ና፣ ክፍሉን ላሳይህ።» ሙላት ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ሁለቱ ወደ ውስጥ እየገቡ አገኛቸው፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ቅዳሜ የኔአለም ከይጁቤ መጣች። ዋናዋ ሐኪም ተማሪዎቿን አስከትላ ስትጎበኝ፣ የኔአለም ስድስቱን ቀን ስንት ክኒን እንደወሰደ ከእናቷ ጠይቃ በደብተሯ ጽፋ ነበርና፣ «ሐሙስ ዕለት የተቀነሰው ከሌሎቹ ቀናት በእጥፍ ይበልጣል፤ ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ መዝገቡን አገላብጣ አየች። «ልክ ነሽ፤ ፈጥነናል። የከበዳቸውም ለዚህ ሊሆን ይችላል» ብላ ትእዛዙን አስተካከለች። ከዚያ ወደ ተማሪዎቿ ዞራ፣ «እንዲህ ነው መዝገብ የሚነበበው» አለቻቸው። «ሐኪም ነሽ?» አለች ወደ የኔአለም ተመልሳ።

የኔአለም መልስ ከመስጠቷ በፊት አበረ ከአልጋው ቀና አለ። ፊቱ ገርጥቷል፣ ጢሙ አድጓል። «ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት» አለ። «ልጄ ናት።»

በሃያ ዓመት ዕርቅ ከሰማው ምስጋና ሁሉ፣ እነዚህን ሁለት ቃላት ሲናገር የተሰማው ኩራት ይበልጥ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ስላየው አላፈረም።

ሃያ ሦስት ቀን ተኛ። እንቅልፉ ቀስ እያለ ተመለሰ፣ የሽሮው ጣዕም ተመለሰ፣ ወገቡን የምታየው ባለሙያ ጠዋትና ማታ የሚሠራው እንቅስቃሴ ሰጠችው። ሕመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ አብሮት የሚኖር፣ ልኩን ያወቀ ሕመም ሆነ። ሲወጣ ትራማዶሉ ቆሞ፣ የእንቅልፉ ክኒን ወደ ግማሽ ፍሬ ወርዶ ነበር፤ በየሁለት ሳምንቱ እንዲመለስ ቀን ተቆረጠለት። አበባው ገና አሥር ቀን ይቀረው ነበር፤ እስከ በሩ ሸኘው።

ወሬ ግን ከሚኒባስ ይፈጥናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ለአዲስ የሽምግልና ጉዳይ ሲሰበሰብ፣ አበረ ሲቀመጥ ንግግሩ ተቋረጠ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አያ አበረ እንኳ ታመው ስለ ነበር… ሰው እንደሚለው ደግሞ ያው… ለጊዜው ቢያርፉ» አለ።

ሽታዬ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነጠላዋን አጣፋች። አበረ ተነሳ።

«ሰው ይላል እያልክ ለምን ትጨነቃለህ፣ እኔ ልንገርህ» አለ። «አራት ዓመት የክኒን ባሪያ ነበርኩ። እዚህ መካከላችሁ ሰው እያለቀሰ እንቅልፍ የወሰደኝ ለዚህ ነው። ጠበል ላይ የወደቅሁትም በሌላ አይደለም። ደብረ ማርቆስ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል፣ ሃያ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ። ማንም ጎትቶ አላስገባኝም፣ ማንም አላሰረኝም። ልጄ ፈልጋ፣ ጠይቃ፣ መርምራ ያገኘችው ቦታ ነው። ጨርሻለሁ አልላችሁም፤ ግማሽ ክኒን ይቀረኛል፤ እሱ እስኪያልቅ ከሽምግልናው ቆይቼ ልምጣ። ከእናንተ ውስጥ ግን ልጁን፣ ወንድሙን ጓዳ የደበቀ ካለ፣ እኔ ቤት ይምጣ። በቀን፣ በአደባባይ ይምጣ።»

ተቀመጠ። ያኔ እንባውን እየዋጠ የተናገረው የሟች ወንድም ተነሣና፣ «የእኔ ጉዳይ አያ አበረ እስኪመለሱ ይቆይ። ግማሽ ክኒን እጠብቃለሁ» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አውጥተው አበረን አሳለሙት።

ቤት እንደገቡ ሽታዬ ነጠላዋን እንኳ ሳትሰቅል ለየኔአለም ደወለች። አበረ መደቡ ላይ ጋደም ብሎ ይሰማታል።

«…ከዚያ ተነሥቶ፣ ሕዝቡ ሁሉ ጸጥ! ወፍ እንኳ አልተነፈሰም! ሠላሳ ቀን ተኝቻለሁ አለ…»

«ሃያ ሦስት ነው ያልኩት» አለ አበረ።

«ሃያ ሦስት አለ፤ ያው ነው። አባትሽን ብታዪው! እንደ ድሮው፣ እንደ ድሮው ነው የቆመው!»

ስልኩን ሰጠችው። በወዲያኛው ጫፍ ጥቂት ጊዜ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። የኔአለም እያለቀሰች እንደሆነ አወቀ፤ እንዳወቀ አላስታወቀባትም።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ። «የወገብዎን እንቅስቃሴ ዛሬ ሠርተዋል?»

«ዛሬ እኮ እሑድ ነው።»

«ወገብ እሑድ ያውቃል እንዴ?»

አበረ ሳቀ። ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠና ቀኝ እግሩን ቀና አድርጎ ቀስ እያለ ማንሳት ጀመረ። «ቁጠሪ መምህርት» አላት፤ ከደረቱ ላይ የልጁ ድምፅ «አንድ» አለ።